ስለ ፕላምፒ ነትና ስለሚያመርቱት ኩባንያዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራበት ፋርማሲ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወደ ለገሃር ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» በሚባልበት በዚህ አካባቢ፣ «ዶክተር፣ ፕላምፒ አላችሁ?» የሚለኝ ሰው በሳምንት ውስጥ አላጣም። ፕላምፒ የሚሉት በጣም ለከሱ ሕፃናት ማከሚያ የሚሰጠውን፣ በፓኬት የታሸገ የኦቾሎኒ ልውስ ነው። አንዱ የሚፈልገው ለልጁ ነው፤ ሌላዋ ለራሷ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሊሸጥልኝ ነው የሚመጣው። እንደሌለን፣ ቢኖረንም እንደማንሸጠው ስናገር ከባንኮኒው ወዲያና ወዲህ ክርክር ይነሣል፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ ከኋላ ያሉት ይቆጣሉ። መልሶቹን አንድ ጊዜ ጽፌ ባስቀምጣቸው ይሻላል ብዬ ነው ይህን ያዘጋጀሁት። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕላምፒ ነት ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?

ሲቀምሱት ምግብ ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ኦቾሎኒ ከዱቄት ወተት፣ ከስኳር፣ ከአትክልት ዘይትና ከቪታሚንና ማዕድን ቅይጥ ጋር ተለውሶ የሚሠራ ወፈር ያለ ልውስ ነው። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ይመዝናል፤ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ጫፉ ይቀደዳል፣ ይጨመቃል፣ ሕፃኑ ይልሰዋል። ማብሰል የለም፣ መበጥበጥ የለም።

ብልሃቱ ውሃ አለመኖሩ ነው። ባክቴሪያ ለመራባት ውሃ ይፈልጋል፤ በዘይት የተሸፈነ ደረቅ ልውስ ውስጥ ግን የሚጠጣው ስለማያገኝ አይራባም። ከዚያ በፊት በጣም ለከሳ ሕፃን የሚሰጠው ኤፍ 100 የሚባል ዱቄት ነበር። በንጹሕ ውሃ መበጥበጥ አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ እናትየው ሌሎቹን ልጆች ቤት ጥላ፣ የከሳውን አቅፋ፣ በሕክምና ማዕከል ለሳምንታት መተኛት ነበረባት። የምትተኛበት አልጋ ከተገኘ ማለት ነው። ፓኬቱ ይህን ለወጠው፤ ሕክምናው በዘንቢል ተይዞ ወደ ቤት መሄድ ቻለ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ይህን ዓይነቱን ምግብ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኔ የማየው እንደ መድኃኒት ነው፦ መጠን አለው፣ የሚታዘዝለት በሽታ አለው፣ የማይታዘዝለት ሰው አለ።

ማን ሠራው?

ኑትሪሴት የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ሚሼል ሌስካን በ1986 ያቋቋመው ሲሆን መቀመጫው በኖርማንዲ፣ ማሎኔ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኤፍ 100ንም በፋብሪካ ማምረት የጀመሩት እነርሱ ናቸው። ከኩባንያው ጋር የሠራው ሐኪምና ተመራማሪ አንድሬ ብሪያን ይባላል። የወተቱን ንጥረ ነገር ሳይቀንስ ውሃ የማይፈልግ ለማድረግ ብስኩትን ጨምሮ ብዙ ነገር ተሞክሮ አልሆነም። መፍትሔው የመጣው አውሮፓውያን ልጆች ጠዋት ዳቦ ላይ ከሚቀቡት የቸኮሌት ቅባት እንደሆነ ይነገራል፤ እርሱም ወተት፣ ስኳር፣ ዘይትና የተፈጨ ፍሬ ነው፣ ክዳኑ ተከፍቶም ቶሎ አይበላሽም። ፕላምፒ ነት በ1996 ተወለደ።

የጠገቡ ልጆች ቁርስ ለተራቡት መድኃኒት መንገድ ማሳየቱ ይገርመኛል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተቀባይነት ያለፈ ድርሻ አላት?

አላት፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልዘርዝረው። ፓኬቱ ከተሠራ በኋላም ለዓመታት ሐኪሞች በጣም የከሳ ሕፃን ቤቱ ተቀምጦ ይድናል ብለው ለማመን አልደፈሩም። በ2000 በሐዲያ ዞን ባደዋቾ ወረዳ ረሃብ በገባበት ጊዜ ስቲቭ ኮሊንስ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ሕፃናቱን ሆስፒታል ሳያስተኙ፣ በየሳምንቱ እየተመላለሱ ዝግጁ የሕክምና ምግብ እንዲወስዱ አደረጉ። ውጤቱ በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ፦ ከ170 ሕፃናት 85 በመቶ ያህሉ ዳኑ፤ የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በየማዕከሉ ተኝተው ከሚታከሙት የሚሞቱት ከዚህ እጅግ የበዙ ነበሩ።

በ2005 በኒጀር ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከ60 ሺህ በላይ ሕፃናትን ሲያክም ነገሩ በዓለም ታወቀ። በ2007 የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ምግብ ቋሚ ኮሚቴ በጋራ መግለጫ አጸደቁት። እዚህም ከ2008 ጀምሮ ሕክምናው ከሆስፒታል ወርዶ እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ደረሰ፤ ይህን የተሸከሙት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። እንግዲህ ዘዴው በዓለም ላይ እምነት እንዲያገኝ ማስረጃ የሆኑት የባደዋቾ ልጆችም ናቸው። ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ያለፋቸው ጎልማሶች ይሆናሉ።

ኩባንያው ለትርፍ የቆመ ነው? በተራበ ሕፃን ላይ እንዴት ይነገዳል?

አዎ፣ ለትርፍ የቆመ ነው። ኑትሪሴት የቤተሰብ ንብረት የሆነ የንግድ ድርጅት ነው፤ አመራሩም በኋላ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል። እዚህ አገር የሚያመርተውም የግል ኩባንያ ነው። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚለወጥ ሰዎች አሉ። አንድ ጡረተኛ መምህር «በሰው ቤት ቃጠሎ እሳት መሞቅ ማለት ይህ አይደለም ወይ?» አሉኝ። ወዲያው መልስ አላገኘሁም፤ እኔም በታመመ ሰው ላይ ነግጄ ነው የማድረው። ፋርማሲ ሌላ ምንድን ነው?

የመምህሩ ጥርጣሬ ያለ ታሪክ የመጣ አይደለም። የዱቄት ወተት አምራቾች በድሃ አገሮች እናቶችን ከጡት ወደ ጡጦ ሲስቡ፣ ወተቱ በቆሻሻ ውሃ እየተበጠበጠና እንዲበረክት እየቀጠነ ብዙ ሕፃን ተጎድቷል። በ1977 አሜሪካ ውስጥ የኔስሌን ምርት ያለመግዛት ዘመቻ የተጀመረው፣ በ1981ም የዓለም የጤና ጉባኤ የጡት ወተት ተተኪዎች ሽያጭ የሚመራበትን ደንብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነበር። ትርፍ ሕፃንን ሊጎዳ ይችላል። ተጎድቶም ታይቷል።

በፕላምፒ ነት በኩል ግን አንድ የተለየ ነገር አለ፤ እኔ ሁሉንም ጥያቄ የምመልሰው ከዚያ ተነሥቼ ነው። የሚበላው ሌላ ነው፣ የሚገዛው ሌላ ነው። ሕፃኑም እናቱም ሳንቲም አይከፍሉም። ከዓለም ምርት ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚገዛው ዩኒሴፍ ነው፤ የቀረውን ሌሎች ረድኤት ድርጅቶችና መንግሥታት ይወስዱታል። ስለዚህ ኩባንያው ከድሃዋ እናት ኪስ አይወስድም። ይህ መልካም ጎኑ ነው።

መጥፎ ጎኑም ከዚያው ይመነጫል። በተለመደው ንግድ ሽሮው ካልጣመኝ ነገ ሌላ ባለሱቅ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ባለሱቁ ይህን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። የከሳ ሕፃን ግን አፉን ከማዞር በቀር ቅሬታ የሚያቀርብበት መንገድ የለውም። እናቲቱም በነፃ የተሰጣትን «ጥሩ አይደለም» ብላ አትመልስም። ያልከፈለ ሰው ደንበኛ አይባልም፤ ደንበኛ ያልሆነ ደግሞ አይደመጥም። እንግዲህ በሕፃኑ ምትክ የሚቀምስ፣ የሚመዝንና የሚያጉረመርም ሌላ አካል ከሌለ ትርፉ ይበላሻል።

አንድ ኩባንያ ለምስኪኖች የሚሆን የጤና ምርት አመርታለሁ ሲለኝ፣ ማትረፉን ትቼ የምጠይቀው ሌላ ነው። ዋጋው በአደባባይ ይታወቃል ወይ? ዩኒሴፍ የሚገዛበትን ዋጋ ይፋ ያወጣል፤ 150 ፓኬት የሚይዘው ካርቶን ከ40 እስከ 60 ዶላር ባለው መካከል ሲወጣና ሲወርድ ቆይቷል። አንድ ልጅ በቀን ሦስት ያህል ፓኬት እየበላ ለሰባት ሳምንት ቢታከም 147 ፓኬት ይሆናል፤ ስለዚህ «አንድ ካርቶን ለአንድ ሕይወት» ይባላል። ከዚያ ቀጥሎ፣ ፋብሪካውን ገብቶ የሚፈትሸው ማን ነው? ገዢዎቹ መርማሪ ይልካሉ፤ እዚህም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። ተወዳዳሪስ አለው ወይ? በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሻጩ አንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ዩኒሴፍ የሚገዛቸው አምራቾች ወደ 20 የሚጠጉ ናቸው፣ ብዙዎቹም ሕፃናቱ በሚኖሩባቸው አገሮች ውስጥ ናቸው።

ለመምህሩ በመጨረሻ የነገርኳቸው ይህንኑ ነበር። «እሳት የሚሞቀው ሰው ውሃም ይዞ ከመጣ አልጣላውም፤ ባልዲው ሙሉ መሆኑን ግን አያለሁ» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። «ባልዲውን በነፃ ቢያመጣውስ?» ብለው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይዘው ሄዱ።

የፓተንቱ ጭቅጭቅ ምን ነበር?

ኑትሪሴትና የፈረንሳይ መንግሥት የምርምር ተቋም የሆነው ኢኢርዴ በ1997 የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ከዚያ በኋላ ሌላ አምራች ተመሳሳይ ልውስ ሲሠራ የጠበቃ ደብዳቤ ይደርሰው ጀመር። በ2009 መጨረሻ ሁለት የአሜሪካ በጎ አድራጊ ድርጅቶች፣ ማማ ኬርስና ብሪድላቭ፣ መብቱ እንዲሻር ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክራቸው ግልጽ ነበር፦ የኦቾሎኒ ቅቤ ከወተት ጋር መለወስ ፈጠራ ነው ወይ?

ኑትሪሴት የመለሰው ርካሽ የአሜሪካ ትርፍ እህል አፍሪካ ውስጥ የተተከሉ ትንንሽ ፋብሪካዎችን እንዳይቀብራቸው መብቱ አጥር ይሆናቸዋል በማለት ነበር። የራስን ጥቅም በሌላው ስም መከላከል ይመስላል። ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ የምግብ እርዳታ የአገር ገበሬን ዋጋ ሲያወርድ እኛም አይተናል። በ2010 ኩባንያው በታዳጊ አገሮች ያሉ አምራቾች ከሽያጫቸው 1 በመቶ ለምርምር ተቋሙ እየከፈሉ መብቱን እንዲጠቀሙ ፈቀደ። ዛሬ የመብቱ ዘመን አልፏል።

እዚህ አገር ይመረታል? ታዲያ ለምን አይረክስም?

ይመረታል። በከተማችን ጥግ ለገጣፎ የሚገኘው ሕሊና የበለጸጉ ምግቦች ከኑትሪሴት ጋር ተጣምሮ፣ ፕላምፒፊልድ በሚባለው የአምራቾች መረብ ውስጥ ሆኖ ያመርተዋል። ለትርፍ የቆመ ድርጅት «ሕሊና» መባሉን የሰሙ አንዳንድ ደንበኞቼ ይስቃሉ። እኔ ግን ስሙ በየቀኑ በር ላይ ተጽፎ መታየቱ አይከፋም ባይ ነኝ።

«እዚሁ ከተሠራ ርካሽ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ግን ፓኬቱን ገልብጦ ያላየ ሰው ሐሳብ ነው። ውድ የሆነው ወተቱ ነው። ከፕሮቲኑ ቢያንስ ግማሹ ከወተት ውጤት መገኘት አለበት ተብሎ ተደንግጓል፤ የዱቄት ወተቱ ደግሞ ከውጭ ይመጣል። የቪታሚንና ማዕድኑ ቅይጥ ከውጭ ነው። ዘይቱ በአብዛኛው ከውጭ ነው። የሚያብለጨልጨው ማሸጊያ እንኳ ከውጭ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አለፈ፤ ይህ ለእንዲህ ዓይነቱ ፋብሪካ ምን ማለት እንደሆነ ለማስላት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

የሚቀረን ኦቾሎኒ ነው፤ እርሱ ሞልቶናል፣ ባቢሌ አለች። ነገር ግን ኦቾሎኒ ሳይደርቅ ከተከማቸ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ጉበትን ይጎዳል፣ ሲቆላም አይጠፋም። የምሥራቅ ኢትዮጵያ ኦቾሎኒ በዚህ እንደሚጠቃ ጥናቶች አሳይተዋል። ጤነኛ አዋቂ የሚታገሠውን መጠን አቅም ያጣ ሕፃን አይችለውም። ስለዚህ ፋብሪካው እየመረመረ ይጥላል፤ የተጣለው ኪሳራ ዋጋ ላይ ይጨመራል። ገበሬው በሸራ ላይ በደንብ እንዲያደርቅ፣ እርጥበቱን የሚለካ ሰው እንዲኖር ማድረግ ከማናቸውም ድጎማ የበለጠ ይጠቅም ነበር።

ፋርማሲ ውስጥ አይሸጥም ትላላችሁ፤ እኔ ግን ሱቅ ውስጥ አይቼዋለሁ

አይተው ይሆናል። እኔም አይቻለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ሁለት ካርቶን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ መጣና በሹክሹክታ ዋጋ ነገረኝ። ካርቶኑ ላይ ለሽያጭ እንዳልሆነ ተጽፎበታል። አልገዛም ስለው አልተከፋም፤ «አንተ ካልገዛህ ማዶ ያለው ይገዛል» ብሎ ጆንያውን ተሸክሞ ወጣ። ማዶ ያለው ይግዛ አይግዛ አልተከታተልኩም። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው።

ካርቶን ሙሉ ገበያ ላይ ሲገኝ ከመጋዘን ወይም ከመኪና ላይ የወጣ ነው፤ ያ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ፓኬት በፓኬት የሚሸጠው ግን ሌላ ታሪክ አለው። በሳምንት 20 ፓኬት የሚሰጣት እናት ቤት ሌሎች አራት ልጆች አሏት። ለከሳው ልጅ የተሰጠውን ለአምስቱ ታካፍለዋለች፤ ወይም አሥሩን ሸጣ ዱቄት ትገዛለች። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ይህንኑ ሲነግሩኝ በግሳጼ ቃል ጀመርኩ። «የኔ ልጅ» አሉኝ አቋርጠውኝ፣ «አንዱን አድኜ አራቱን ላክሳ?» መልስ አልነበረኝም። ሕፃኑ ክብደት አልጨምር ሲል የጤና ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህንኑ መካፈል ነው፤ እውነተኛው ሕክምና ለቤቱ ሁሉ ምግብ መስጠት እንደሆነ እነርሱም ያውቃሉ። የሚሰጡት ግን የላቸውም።

ከሱቅ የገዙት ፓኬት ከአንድ ሕፃን አፍ የተወሰደ ሊሆን እንደሚችል አውቀው ይግዙ። በሙቀት ውስጥ ስንት ወር እንደተቀመጠም ሻጩ አይነግርዎትም።

ለመወፈር ብበላውስ?

አይብሉት። አምስት ፓኬት 2500 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ በእርግጥ ያወፍራል፣ ያን ያህል ካሎሪ ያለው ጨጨብሳም ያወፍራል። የስኳር ሕመም ወይም የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ አደጋ ላይ ይወድቃል። ኤች አይ ቪ ወይም ቲቢ ኖሮባቸው በጣም ለከሱ አዋቂዎች በሐኪም ታዝዞ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ ያ ሌላ ነው። ያለ ምክንያት ክብደትዎ ከቀነሰ የሚያስፈልግዎ ምርመራ ነው።

በአዲስ አበባ መሃል ይህ የሚያስፈልገው ልጅ አለ እንዴ?

ይህን የሚጠይቁኝ ከመኪና የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። አለ። ከላስቲክ ቤት፣ ከጎዳና፣ ከኪራይ ጠባብ ክፍል፣ እናቱ ልብስ ለማጠብ ወጥታ በስምንት ዓመት እህቱ ከሚጠበቅበት ቤት ይመጣል።

ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን የግራ ክንዱ ላይኛው ክፍል መካከል በባለቀለም ጥብጣብ ይለካል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ ቢጫ፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ሁለተኛው ምልክት እብጠት ነው። የሁለቱን እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ጉድጓድ ከቀረ፣ የክንዱ ልክ ምንም ቢሆን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ይሳሳታሉ፤ ያበጠውን ልጅ «ወፈረልኝ» ብለው ደስ ይላቸዋል፣ ጎረቤትም «ምን አበላሽው?» ይላል።

ጤና ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ ፓኬቱን መብላት መቻሉ ይታያል። ከበላና ሌላ ሕመም ከሌለበት በነፃ ተሰጥቶት በየሳምንቱ እየተመላለሰ ቤቱ ይታከማል። የሚሰጠው በክብደቱ ተሰልቶ ነው፤ ከሌላ ምግብ በፊት ይሰጠዋል፣ ንጹሕ ውሃ አብሮ ይጠጣል፣ የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥም። እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ትኩሳት ካለው ወይም ከፈዘዘ ሆስፒታል ይተኛል፤ በመጀመሪያ የሚሰጠውም ፕላምፒ ሳይሆን ኤፍ 75 የሚባል ቀለል ያለ ወተት ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ከተጫነበት ልብ ይደክማል። ርኅራኄ እዚህ ላይ ይገድላል።

ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ፕላምፒ አይሰጥም። ጡት ብቻ።

እንዲህ ያሉ ሌሎች ኩባንያዎች አሉ?

አሉ። ቬስተርጋርድ በ1957 ዴንማርክ ውስጥ የሥራ ልብስ ለመስፋት የተቋቋመ የቤተሰብ ድርጅት ነበር፤ በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ ዞሯል። የታወቀው ፐርማኔት በተባለው በመድኃኒት በተነከረ የአልጋ አጎበርና ላይፍስትሮ በተባለው የውሃ ማጣሪያ ነው። የጊኒ ዎርምን ትል ለማጥፋት ከካርተር ማዕከል ጋር የሠራው የጨርቅ ማጣሪያም አለ። በ1986 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይይዝ የነበረው ይህ በሽታ በ2023 በዓለም ላይ በ14 ሰዎች ብቻ ታይቷል። ከጥቂቶቹ የመጨረሻ ምሽጎቹ አንዱ የእኛው ጋምቤላ ነው።

ይኸው ኩባንያ በ2011 በምዕራብ ኬንያ 880 ሺህ ገደማ የውሃ ማጣሪያ በነፃ አደለ። ገንዘቡን ከየት አገኘ? ቤተሰቦቹ ውሃ በእንጨት ከማፍላት ስለሚድኑ የሚቀረውን ጭስ አስልቶ፣ እንደ ካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ሌላው የራሱን ጭስ ለማካካስ እንደሚገዛው የምስክር ወረቀት፣ ለውጭ ገዢዎች ሸጠው። ተቺዎች ታዲያ «መጀመሪያውኑስ ውሃውን ያፈሉት የነበሩት ስንቶቹ ናቸው?» አሉ። የጠጣው ኬንያዊ፣ የከፈለው ባሕር ማዶ። ከላይ ስለ ደንበኛ ያልኩትን ያስታውሱ።

እርዳታው ሲቋረጥ ፋብሪካው ምን ይሆናል?

ይቆማል። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ሲያግድ ኤዴዥያና ማና የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ አምራቾች ውላቸው ተሰርዞ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰላቸው። ሁለቱም ለትርፍ ያልቆሙ ናቸው። ስለዚህ ባለትርፍ መሆን አለመሆን እዚህ ላይ አያድንም፤ ገዢህ አንድና ሁለት ከሆነ፣ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ፊርማ ሲዘገይ የአንድ ወረዳ ጤና ኬላ መደርደሪያ ባዶ ይሆናል።

የምመኘው ቢያንስ የተወሰነው በራሳችን በጀት እንዲገዛ ነው። ታክስ ከፋይ ሲገዛው ጠያቂም ይሆናል።

ልጄ አልታመመም፣ ግን አልወፍር አለ። ፕላምፒ ካልሸጣችሁልኝ ምን ልስጠው?

መጀመሪያ አጥሚቱን ያወፍሩት። ቀጭን አጥሚት ሆድ ሞልቶ የሚያስተኛ ውሃ ነው፤ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ያድርጉት። ዱቄቱን ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ አድርገው ያስፈጩ። ሲበስል ዘይት ወይም ቅቤ፣ ካለም እንቁላል ወይም ወተት ይጨምሩበት። ኦቾሎኒ ከተጠቀሙ የተጨማደደውንና የሻገተውን ለቅመው ይጣሉ። በፋፋ ያደጉ ካሉ ሐሳቡ አዲስ አይሆንባቸውም፤ እርሱም በስዊድን እርዳታ በተቋቋመው የልጆች ሥነ ምግብ ክፍል ተቀምሞ ነው የአገር ምግብ የሆነው። በቀን ሦስት ጊዜ በቂ አይደለም፣ የትንሽ ልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ በመካከል መክሰስ ይጨምሩ።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልጨመረ የሆድ ትልና የቲቢ ምርመራ ይደረግለት። ጥብጣቡና ሚዛኑ እዚህም አለ፣ አናስከፍልም። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ሲቀንስ ይዘውት ይምጡ፤ ጫማውንና ጃኬቱን ያውልቁለት።